ስኳርና ግፊት አብረው ላሉበት ሰው፦ ከሚዛኑ በፊት ወገብን መለካት

ሆዱ የገፋ ነጋዴና ጉንጩ የጎደጎደ ገበሬ በአንድ የክትትል ክፍል በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ባሕር ዳርም ይህ የተለመደ ነው። በሁለቱም ካርድ ላይ «ስኳር፣ ደም ግፊት» ተጽፏል። ለሁለቱም «ክብደት ይቀንሱ» የሚል አንድ ምክር ቢሰጣቸው ነጋዴው ይጠቀማል፣ ገበሬው ይጎዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለቱን ለመለየት ነው። አንባቢው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በራሱ ቤት ለክቶ ያውቅና ቀጥሎ የሚያደርገውን ይመርጣል። መድኃኒት መጨመርም ሆነ መቀነስ ግን የሚወሰነው ከሚከታተልዎት ባለሙያ ጋር ብቻ ነው።

ስኳርና ግፊት ለምን አብረው ይመጣሉ

ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ጡንቻ የሚያስገባ፣ ጉበትንም «ስኳር ማምረት ይብቃህ» የሚል ንጥረ ነገር ነው። በሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ስብ ሲከማች ጡንቻውና ጉበቱ ይህን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። ሐኪሞች ኢንሱሊን ሪዚስታንስ የሚሉት ይህንን ነው። ኢንሱሊንን የሚያመነጨው ቆሽት ትእዛዙን ለማስፈጸም ብዙ ኢንሱሊን ማፍሰስ ይጀምራል። ችግሩ ኩላሊት ኢንሱሊንን መስማቱን አለማቋረጡ ነው፤ ኢንሱሊን ሲበዛበት ጨውንና ውሃን አልለቅም ይላል። ነርቮችም ደም ሥሮችን ያጠብቃሉ። ግፊት ከስኳር ጋር የሚመጣበት አንዱ ዋና መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ ወገቡ የሰፋ ሰው ስኳሩንና ግፊቱን እንደ ሁለት በሽታ አድርጎ ቢቆጥራቸውም የሚበቅሉት ከአንድ ሥር ነው።

ቀጭኑ ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው ያለበት። ቆሽቱ ራሱ ደክሟል፣ ኢንሱሊን አንሶታል። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ለብዙ ዓመታት ሲታይ የኖረ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምግብ መቀነስ ማለት ጡንቻውን መብላት ማለት ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የስኳር ሕሙማንን ለዓመታት የተከታተሉ በርካታ ጥናቶች ቀጫጭኖቹ ትንሽ ወፈር ካሉት ይልቅ ቶሎ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ይህን የሰማ ሰው «ውፍረት ይጠብቃል» ብሎ ይደመድማል። መደምደሚያው ስሕተት ነው። ከቀጫጭኖቹ መካከል የሚያጨሱ፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ውስጥ ውስጡን የሚበላቸው፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ጡንቻቸው የሟሸሸ ሰዎች አሉ። መክሳታቸው የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ሚዛን ደግሞ ስብና ጡንቻን አይለይም። ክብደትና ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል ለሞት ቀረብ የሚለው ወገቡ የሰፋው ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ አምስት ነገሮችን በአንድ ጠዋት መለካት

አንድ ደብተር ይያዙ። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሚዛን፣ የግፊት መለኪያና ሰዓት ያስፈልግዎታል። የግፊት መለኪያ ከሌለዎት ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይለካሉ።

ወገብ። መቀነት፣ ቀበቶና ወፍራም ልብስ ይውለቁ። በጎንዎ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣትዎ ይፈልጉ፤ ከዚያ የዳሌውን አጥንት የላይኛውን ጫፍ ይፈልጉ። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከእምብርት ብዙም አይርቅም። ዙሪያውን ከመሬት እኩል ርቀት ይኑረው፣ ቆዳ አይቆንጥጥ። ትንፋሽዎን እንደ ወትሮው አውጥተው ሲጨርሱ ያንብቡ። ሆድ መሳብ ራስን ማታለል ነው። ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ይድገሙ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ወገቡ ሰፍቷል ይባላል። ከዚህ የሚቀልል ሌላ መንገድም አለ፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ቁመቱ 168 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ84 በታች ቢሆን መልካም ነው።

ክብደት። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በቀላል ልብስ፣ ያለ ጫማ። ሚዛኑ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ወይም ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ወለል ቁጥሩን ያሳስታል። ቤት ሚዛን የሌለው ሰው በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ሚዛን ቢመዘን ችግር የለውም፤ ዋናው ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልብስ መሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በየቀኑ የሚመዘን ሰው የውሃ መውጣትና መግባትን እንደ ስብ እየቆጠረ ተስፋ ይቆርጣል።

ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን)። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ያድርጉና ክብደቱን ለቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። 82 ኪሎ፣ 1.68 ሜትር ለሆነ ሰው፦ 82 ሲካፈል ለ1.68 = 48.8፤ 48.8 ሲካፈል ለ1.68 = 29 ገደማ። ከ18.5 በታች የከሳ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 መካከለኛ፣ 25ና ከዚያ በላይ የወፈረ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ግፊት። ከመለካት 30 ደቂቃ በፊት ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ የለም። ሽንት ይሸኑ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ መሬት ነክቶ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጨርቁ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፣ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ ከልብ እኩል ይሁን። በሚለኩበት ጊዜ አይነጋገሩ። ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላ ይድገሙና አማካዩን ይጻፉ። በመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ክንድ ለክተው ከዚያ በኋላ ከፍ ያለው የወጣበትን ክንድ ይጠቀሙ። ብዙ ሰው የሚስተው የጨርቁን ስፋት ነው፦ ተራው ጨርቅ የሚሆነው የክንድ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሴንቲሜትር ለሆነ ሰው ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከታሰረ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል፣ ሰውየውም የማያስፈልገው መድኃኒት ሊጨመርበት ይችላል። በአንጻሩ ክንዱ ቀጭን የሆነው ገበሬ በሰፊ ጨርቅ ሲለካ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ሕመሙም ይደበቃል።

ጉልበት። ይህን የሚለካ ጥቂት ሰው ነው፤ ትልቅ ነገር ግን ይናገራል። እጆችን ደረት ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ፣ ሰዓት ይያዙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የጡንቻ ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ክብደት ከመቀነሱ በፊት ጡንቻ መገንባት አለበት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የኢንሱሊን ሪዚስታንስን ግምት ማስላት

ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን መለካት ውድ ነው፤ በየከተማውም አይገኝም። ግን ሦስት ነገር ብቻ የሚፈልግ ስሌት አለ፦ የወገብ ስፋት፣ ግፊት መኖር አለመኖሩ፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር (ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ)። የመጨረሻውን ሪፈራል ሆስፒታሎችና ከፍ ያሉ ላቦራቶሪዎች ይሠሩታል።

21.158 ላይ ይጀምሩ። የወገቡን ሴንቲሜትር በ0.09 አባዝተው ይቀንሱ። ግፊት ካለ 3.407 ይቀንሱ። ኤዋንሲውን በ0.551 አባዝተው ይቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ሰውነት ስኳርን ለመጠቀም ያለውን አቅም ይገምታል፤ ከፍ ሲል ይሻላል።

ምሳሌ፦ ወገቡ 102፣ ግፊት ያለበት፣ ኤዋንሲው 8.5 የሆነ ነጋዴ። 102 × 0.09 = 9.18፤ 8.5 × 0.551 = 4.68። ስለዚህ 21.158 − 9.18 − 3.407 − 4.68 = 3.9 ገደማ። ከ4 በታች የሆነ ውጤት የጠነከረ ኢንሱሊን ሪዚስታንስን ያሳያል፤ በስዊድን የስኳር ሕሙማን ላይ በተደረገ ሰፊ ክትትል ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን በአንጎል ደም መፍሰስና መዘጋት መጠቃትም መሞትም ከፍ ብሎ ታይቷል። ይህ ነጋዴ ወገቡን ወደ 94፣ ኤዋንሲውን ወደ 7.2 ቢያወርድ ቁጥሩ 5.3 ይሆናል።

አሁን ቀጭኑን ገበሬ እንይ፦ ወገብ 76፣ ግፊት አለ፣ ኤዋንሲ 9። ውጤቱ 6 ገደማ። ስኳሩ ከነጋዴው ከፍ ብሎ ሳለ የኢንሱሊን አለመታዘዙ ግን ያነሰ ነው። ችግሩ የኢንሱሊን ማነስ መሆኑን ቁጥሩ ይጠቁማል፤ ምግብ በመቀነስ አይስተካከልም። ስሌቱ አንድ ጉድለት አለው፦ ግፊቱ በመድኃኒት ቢስተካከልም 3.407ቱ አይመለስም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት ራስን ከራስ ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል እንጂ ለብቻው ፍርድ አይሰጥም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ከየትኛው ወገን ነኝ

ወገቡ ከልክ በላይ የሆነ፣ ቢኤምአዩ 25 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከወንበር በደህና የሚነሣ ሰው፦ ክብደት ይቀንስ። የመጀመሪያው ግብ አሁን ካለበት ከመቶ 5 እስከ 10 ነው። ለ82 ኪሎ ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ። ጊዜውም ከ4 እስከ 6 ወር።

ወገቡ የሰፋ ነገር ግን እግሩ የሰለለ፣ ከወንበር ለመነሣት የሚቸገር ሰው (በተለይ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ እናቶች)፦ ሚዛኑን ይተዉት፤ ወገብ እየቀነሰ ጉልበት እየጨመረ መሄዱን ብቻ ይከታተሉ። ኪሎው ባይንቀሳቀስም ሥራው እየተሠራ ነው።

ቢኤምአዩ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ፣ ወገቡ ጠባብ የሆነ ሰው፦ ክብደት አይቀንስ። ሳያስብበት በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 የቀነሰ ሰው ደግሞ ወፍራምም ቢሆን ደስ አይበለው። ስኳሩ በተደጋጋሚ ከ250 በላይ ሆኖ ሽንት እየበዛ የሚከሳ ሰው ኢንሱሊን አንሶታል፤ ሳምንት ሳይቆይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ስኳር ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ መክሳቱ ላይ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት ከተጨመረ የአክታ ምርመራ ይጠይቅ። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣን ትንፋሽና እንደ በሰለ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ግፊትን ማስቀደም

ሞትን ቶሎ የሚያርቀው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ግፊት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ትልቅ የስኳር ጥናት አማካይ ግፊታቸው 144/82 የተደረጉትን 154/87 ላይ ከቆዩት ጋር አነጻጸረ። ልዩነቱ 10 በ5 ብቻ ነው። በስኳር ምክንያት የሚደርስ ሞት ግን ከመቶ 32፣ የአንጎል ጥቃት ከመቶ 44 ቀነሰ። በአሜሪካ ሉክ አሄድ የተባለው ጥናት ደግሞ ሰዎችን በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ለ10 ዓመት ያህል ቢከታተልም፣ ክብደታቸው ቢቀንስም፣ የልብና የአንጎል ጥቃት ቁጥሩም ሆነ የሞት ቁጥሩ ከሌሎቹ አልተለየም። ክብደት መቀነስ ስኳርን፣ ግፊትን፣ እንቅልፍንና ጉልበትን ያሻሽላል፤ የግፊት መድኃኒትን ጥሎ በእርሱ ብቻ መተማመን ግን አደገኛ ነው።

ግቡ ከ130/80 በታች ነው፤ ሲነሡ የሚያዞራቸው አረጋውያን ግብ ከሐኪም ጋር ይላላል። ቆመው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ይጻፉና ለባለሙያው ያሳዩ።

ጨው ላይ ሒሳብ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ደልዳላ፣ ከፍተኛው ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 750 ግራም ይደርሰዋል። ስለዚህ የ1 ኪሎ ጨው እሽግ 40 ቀን መቆየት አለበት። ከዚህ በፊት ካለቀ ወጡ ጨው በዝቶበታል። ግን በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የገባውን ጨው አይርሱ፤ ብዙ ቤት ወጡ ላይ ሳይጨምሩ እንኳ ጨው ያለው በርበሬ ይገባል። መፍትሔው በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ጨው አለማስገባት፣ ወጡ ላይ በማንኪያ እየለኩ ማድረግ ነው። ቡናን በጨው መጠጣት የለመዱም ይተዉት፤ በቀን ሦስት ሲኒ ከጠጡ የሚገባው ጨው ሳይታወቅ ይጠራቀማል።

አምስተኛ እርምጃ፦ መሶቡ ላይ 500 ካሎሪ መፈለግ

በቀን 500 ካሎሪ ያህል መቀነስ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ያወርዳል። ከዚህ በላይ መጣደፍ ጡንቻ ይወስዳል። በአንድ የጎጃም ቤት 500ው የሚገኘው ከሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። 5 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው በ30 ቀን የሚያልቅ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ 275 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ ይበላል። ጀሪካኑ 50 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ሙሉ ቤቱን ይጠቅማል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ከዚያ በጥቂት ውሃ ማቁላላት፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ማድረግ ነው ዘዴው። በጾም ቀን ሥጋና ቅቤ ቀረ ተብሎ ዘይት በእጥፍ የሚፈስበት ቤት ብዙ ስለሆነ በጾም የሚወፍር ሰው ቢያዩ አይገረሙ።

ሁለተኛው እንጀራ። የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም የሚባለው ከንቱ ተስፋ ነው። 100 ግራም እንጀራ በግምት ከ30 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ጊዜ የቤትዎን እንጀራ በሚዛን ይመዝኑት፦ 350 ግራም ቢመጣ አንዱን ሙሉ መብላት ከ100 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። በአንድ ማዕድ ከ150 እስከ 180 ግራም ይበቃል፤ ይህ የብዙው ቤት ግማሽ እንጀራ ነው። ዳጉሳም፣ በቆሎም፣ ጤፍም ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው። ገብስ ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዝልግልግ አሰር (ፋይበር) አለው፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል። ድንች ወጥን በእንጀራ መብላት ግን እህልን በእህል መብላት ነው። የአዊና የሰከላ ድንች በሚበዛበት ወቅት ድንች የተበላ ቀን እንጀራውን ይቀንሱ።

በአንድ ትሪ ተሰብስቦ መብላት መልካም ነው፤ የራስን ድርሻ መለካት ግን ይከብዳል። ትሪው ከመዘርጋቱ በፊት ግማሽ እንጀራዎን ለይተው በጎንዎ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሌላ አይቁረሱ። ወጡን ከሁሉም ይብሉ። ጉርሻም እህል ነው፤ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን በምስጋና መመለስ ይቻላል።

ሦስተኛው የሚጠጣው ነው። በሦስት ሲኒ ሻይ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ማለት 100 ካሎሪ ያህል ነው፤ ለስላሳና የጁስ ቤት ጭማቂ ከዚህ ይብሳሉ። ማርን «መድኃኒት ነው» ብሎ መዋጥ በጎጃም የተለመደ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር መሆኑን ግን ማሩ አይረሳም። በሶ በስኳር ከተበጠበጠ የገብሱ ጥቅም ጠፋ ማለት ነው። አረቄ ግፊትን ያንራል፤ ባዶ ሆድ ላይ ስኳር ከሚያወርደው ክኒን ከግሊቤንክላማይድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ከተገናኘ ደግሞ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ አድርጎ ሌሊት ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። ሰካራም መስሎ የተኛው ሰው ስኳሩ ወርዶ የተዘረረ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ተጠቃሚዎች አረቄን ሙሉ በሙሉ መተውን እንመክራለን።

ከሚቀንሱት ጎን የሚጨምሩትም ይኑር። ጡንቻን ለመጠበቅ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለ80 ኪሎ ሰው 80 ግራም። አንድ ትልቅ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም የጣና ዓሣ 18 እስከ 20 ግራም ይሰጣል። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ባቄላ ንፍሮ በሁሉም ማዕድ ላይ ወፈር ብለው ይቅረቡ፤ ጎመንና ጥቅል ጎመን የትሪውን ግማሽ ይያዙ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ እግርና ጡንቻ

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የምግቡን ስኳር ያወርዳል፤ በሳምንት ሲደመር 150 ደቂቃ ያልፋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደግሞ ከወንበር ወይም ከመደብ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በእጅ 10 ጊዜ መግፋት፣ ሁለቱንም ሦስት ዙር። ሲቀልል ሁለት የ2 ሊትር ውሃ ጠርሙስ ይዘው ይነሡ። ትንፋሽ ይዞ መታገል ግፊትን በቅጽበት ያንራል፤ ሲነሡ ይተንፍሱ። ግፊቱ 180/110 የሆነ ሰው እስኪወርድ ድረስ ከባድ ነገር አያንሳ።

በባዶ እግር አይሂዱ። ጫማውን ከመልበስዎ በፊት እጅዎን ከተው ጠጠር እንዳለበት ይዳስሱ፤ ማታ እግርዎን በብርሃን ይመልከቱ። ዝሆኔ ያለበት አካባቢ የሚኖር ሰው እግሩ ቢያብጥ ሁሉንም በዝሆኔ አያሳብብ፤ የግፊት መድኃኒቱ የአምሎዲፒን እብጠት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ድካምም ሊሆን ይችላል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ መድኃኒቱ ከክብደቱ ጋር እንዲሄድ

ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ክብደት አይጨምርም፣ ጉበትም ኢንሱሊንን እንዲሰማ ይረዳል፤ ሆድ እንዳይረብሽ በምግብ መካከል ተውጦ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ኩላሊት በጣም ከደከመ ይቆማል፤ ስለዚህ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ግን ኢንሱሊን ለሚያስፈልገው ቀጭን ሰው ክብደት መጨመሩ ሕክምናው ነው።

ምግብዎን ቀንሰው መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳር ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወይም ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልተስተካከለ ይድገሙ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፍሰስ፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አቴኖሎልና መሰሎቹ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምቱን ስለሚያፍኑ ምልክቱ ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲነሡ ማዞር ከበዛ ደግሞ የግፊት መድኃኒቱ ለአዲሱ ክብደትዎ በዝቶ ይሆናል፤ ለባለሙያው ይንገሩ፣ በራስዎ አያቁሙ።

ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪል ጋር ደረቅ ሳል ከመጣ መድኃኒቱ ይቀየራል፤ እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛው የግፊት ክኒን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ስኳር ያለበት ሰው እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከልብ ሞት የሚያተርፍ ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ካርድ ላይ የለም።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከጾሙ ሁለት ሳምንት በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ግሊቤንክላማይድን ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት አለመብላት ከሁሉም የከፋው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ክብደቱ ዝቅ ያለ ሰው ለንስሐ አባቱ ሁኔታውን ያስረዳ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ መንገድ አላት። ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። ግሽ ዓባይም ሆነ ሌላ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን፣ ስኳር መለኪያውንና የሚበላውን ይዞ ይሂድ፤ ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነ አብሮት ያለው ሰው የስኳር መውረድ ምልክቶችን ይወቅ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ደብተሩ

በሳምንት አንድ ቀን ክብደት፤ በወር አንድ ቀን ወገብና የወንበር ሙከራ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ግፊት፤ በሐኪሙ ምክር መሠረት የጾም ስኳር (ለአብዛኛው ሰው ከ80 እስከ 130)። በ3 ወር ኤዋንሲ ከተገኘ፣ ስሌቱን ይድገሙ።

ክብደቱ ወርዶ ወገቡ ካልወረደ፣ የወንበሩ ሰዓትም ከጨመረ፣ የሄደው ጡንቻ ነው፤ ፕሮቲን ይጨመር፣ ምግብ መቀነሱ ይቁም። ወገቡ ወርዶ ክብደቱ ካልተነቃነቀ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት። ሁለቱም ካልወረዱ ዘይቱን፣ እንጀራውንና የሚጠጣውን ለሦስት ቀን ሳይደብቁ ይጻፉ፤ በአብዛኛው መልሱ ዘይቱ ላይ ይገኛል። በሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ መቀነሱ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላም ከቀጠለ ስኳርዎን ይለኩ፤ ከፍ ካለ የከሱት በአመጋገብ ሳይሆን በሽንት በሚወጣ ስኳር ነው። የብሪታንያው ዳይሬክት ጥናት 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ከ100 ውስጥ 86ቱ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም መጠን በታች እንደሆነ አሳይቷል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ስኳሩ ከተገኘባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸው፣ ኢንሱሊን የማይወስዱና በቅርብ ክትትል ሥር የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ስኳሩ ገና በቅርቡ የተገኘበት፣ ወገቡ የሰፋ ሰው ዛሬ ቢጀምር የሚያገኘው ከሌላው ይበልጣል።

ግፊት 180/120 ሆኖ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከከባድ ራስ ምታት ጋር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ፣ ንግግር ከተሳሰረ ሰዓቱን ተመልክተው ይጻፉና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ሰዓት ነው።